መጀመሪያ ደመወዙ ይግባ፣ ሐሳቡ ራሱ ይሰበሰባል

ትዕይንቱ አዲስ አይደለም። የሆቴል አዳራሽ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውኃና ማስታወሻ ደብተር፣ ግድግዳው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ባነር። አሠልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ትንፋሻችሁን ብቻ ተከታተሉ» ይላል። ሠራተኞቹ ይጨፍናሉ።

ከተጨፈነው ዐይን ጀርባ ግን ሌላ ሥራ ቀጥሏል። አንዷ አከራይዋ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እጨምራለሁ ያሏትን ብር ከደመወዟ ላይ እየቀነሰች ነው። አንዱ የዕቁብ ተራው ሳይደርስ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ መድረሱን እያብሰለሰለ ነው። ሌላዋ ያላነሳችውን የእናቷን ጥሪ ታስባለች፤ እናት የደወሉት ለመድኃኒት እንደሆነ ታውቃለች።

አምስት ደቂቃ ሲሞላ አሠልጣኙ «ሐሳባችሁ የሄደባችሁ እጅ አውጡ» ይላል። አዳራሹ በሙሉ እጅ ያወጣል፣ ሳቅ ይሆናል። «አያችሁ! ደስታችሁን የሚሰርቃችሁ ይኼ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የሃርቫርድ ጥናት ነው!» ከዚያ የሻይ ዕረፍት።

ጥናቱ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነው። የአይፎን መተግበሪያ ሠርተው 2,250 አዋቂዎችን በቀኑ ውስጥ ድንገት እየጠሩ ሦስት ነገር ጠየቁ፦ አሁን ምን ይሰማሃል? አሁን ምን እየሠራህ ነው? ከምትሠራው ውጭ ስለ ሌላ ነገር እያሰብክ ነው ወይ? መልሱ ሲደመር ከተጠየቁባቸው ጊዜያት በ46.9 በመቶው የሰዎቹ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ በነበረበት ጊዜም ደስታቸው ዝቅ ያለ ነበር። በአንድ ሰው ደስታ መውጣትና መውረድ ውስጥ የሚሠራው ነገር ዓይነት የነበረው ድርሻ 4.6 በመቶ ሲሆን የሐሳቡ መሄድ አለመሄድ ግን 10.8 በመቶ ነበር።

ከዚህች ንጽጽር ነው አንድ ሙሉ ገበያ የበቀለው። «የምትሠራው ምንም ይሁን ምን፣ ዋናው ልብህ የት እንዳለ ነው» የሚለው አነቃቂ ንግግር፣ የስልክ መተግበሪያው፣ የሁለት ቀን ሥልጠናው፣ የሰርተፊኬቱ። ስሙም ማይንድፉልነስ ሆነ፤ በቀላል አማርኛ ልብን አሁን ባለበት ማሳረፍ ማለት ነው። ከጥናቱ እዚህ አዳራሽ ድረስ በተደረገው ጉዞ ግን ብዙ ነገር ተንጠባጥቦ ቀርቷል። ተንጠባጥቦ የቀረው ደግሞ ለቀጣሪ የማይመቸው ክፍል መሆኑ እንዲሁ የሆነ ነገር አይመስልም።

ከተጠየቁት ሰዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አሜሪካ የሚኖሩ ናቸው፤ ሁሉም በዚያን ጊዜ አይፎን የነበራቸው። ይህ ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፣ ድንበሩን ግን ያሳያል። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ሐሳቡ ወዴት እንደሄደም ጠይቀው ነበር። ከሄዱት ሐሳቦች 42.5 በመቶው ወደ ደስ የሚል ነገር፣ 31 በመቶው ደስም ወደማይል ወደማያስከፋም ነገር፣ 26.5 በመቶው ወደሚያስከፋ ነገር ነበር። ወደ ደስ የሚል ነገር የሄዱት በሥራቸው ላይ ካሉት አልበለጡም፣ ግን አላነሱምም። ወደ መካከለኛው የሄዱት ዝቅ አሉ። ወደሚያስከፋው የሄዱት በጣም ወደቁ። እንግዲህ ከባዱ ጉዳት ያለው ሐሳቡ በሄደበት ቦታ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን «የት ሄዳችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ የለም። ቢጠይቅ መልሱን ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ ይሰሙታላ።

የቱ ይቀድማል የሚለውም ያለቀለት ጉዳይ አይደለም። የ2010ሩ ጥናት ሐሳብ መሄዱ ቀድሞ ሐዘኑ ይከተላል የሚል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ጁሊያ ፖሪዮና ባልደረቦቿ በተመሳሳይ መንገድ ሰዎችን በዕለት ውሏቸው መሐል እየጠየቁ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ሐዘኑ ቀድሞ ተገኘ፤ ያዘነ ሰው ነው ሐሳቡ የሚሄደው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሥራ፣ የፍሎረንስ ሩቢና የባልደረቦቿ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ሐሳብ ስሜትን ሲያወርድ፣ ወደፊት የሚሄድ ሐሳብ ግን ይዘቱ የሚያስከፋ ቢሆን እንኳ የተሻለ ስሜት እንደሚከተለው አሳየ። ሰው የነገውን ችግር ሲያብላላ መፍትሔ የሚቀምር ከሆነ ይህ ምን ያስደንቃል?

ትልቁ ተንጠባጣቢ ግን ይኼ ነው። ያው ማቲው ኪሊንግስዎርዝ፣ ያው በስልክ ድንገት እየጠሩ መጠየቅን ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ሌላ ጥናት አሳተመ። በዚህኛው 33,391 ተቀጣሪ አሜሪካውያን ከ1.7 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰጥተዋል። ውጤቱ፦ ገቢ ሲጨምር ሰው ከሰዓት ሰዓት የሚሰማው ደስታ ይጨምራል፤ ብዙዎች «ከዚህ በላይ ገንዘብ ደስታ አይጨምርም» ይሉት በነበረው በዓመት 75,000 ዶላር ላይም አይቆምም። ከምክንያቶቹ ትልቁን ድርሻ የያዘው ደግሞ በገዛ ሕይወት ላይ የመወሰን አቅም ነው።

አንድ ተመራማሪ፣ አንድ ዘዴ፣ ሁለት ግኝት። አንደኛው በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ሁለተኛውን በሥልጠና ላይ የሰማ ሠራተኛ ካለ ዕድለኛ ነው።

አማርኛ ይህን ነገር ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በአማርኛ ማሰብና መጨነቅ አንድ ቃል ናቸው። «አታስብ» ማለት አእምሮህን አታሠራ ማለት ሳይሆን አትጨነቅ ማለት ነው። «ሐሳብ ገባት» ከተባለች ሴት ፈጠራ የሚጠብቅ የለም፤ ያልተፈታ ጉዳይ እንዳለባት ሁሉም ያውቃል። «ምን አሳሰበህ?» የሚለው ጥያቄም ራሱ አሳሳቢ ነገር ከውጭ እንዳለ አምኖ ይነሳል። ሰው ዝም ብሎ አያስብም፣ የሚያሳስበው አለ። (መሥሪያ ቤቶች በየዜናው «አሳሰቡ» የሚባለው ሳይታወቅ የወጣ እውነት ሳይሆን አይቀርም።) «ሐሳቤን ጣልኩት» የሚባለውም ትንፋሽ ከተቆጠረ በኋላ አይደለም፤ ዕዳው ሲከፈል፣ ልጁ ፈተናውን ሲያልፍ፣ የታመመው ሲድን ነው። አዲሱ ንግግር ግን ያሳሰበውን ነገር ከአረፍተ ነገሩ አውጥቶ ጥሎ አሳቢውን ብቻ ያስቀራል። አሳቢው ደግሞ ብቻውን ሲቀር በሽተኛ ይመስላል።

ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛን አንባቢ ያስባት። አርባ ደቂቃ ስትቆም ሐሳቧ ሰልፉ ላይ አልነበረም። ዘይቱን ግማሽ ሊትር ብትገዛ የቤት ኪራዩ ይሞላ እንደሆነ፣ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ጨምሪልኝ ካለቻት ልጁን ማን እንደሚይዝላት፣ ወንድሟ ከጂዳ ይልካል የተባለው ከመጣ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ስትደምር ስትቀንስ ነው የቆየችው። ይህ የባከነ አእምሮ ነው? ደመወዝ የማይከፈልበት ሁለተኛ የሒሳብ ሥራ ነው እንጂ። ይህን ሥራ አቁሚና ነፋሱ ፊትሽን ሲነካሽ ልብ በይ ቢሏት ነፋሱን ልብ ትል ይሆናል፤ ኪራዩ ግን ሳይደመር ይቀራል።

ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ተለክቷል። አናንዲ ማኒ፣ ሴንዲል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያይንግ ዣኦ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ውስጥ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ይዞ ነበር። ገበሬዎቹ ዋና ገቢያቸውን የሚያገኙት ከመከር በኋላ ነው፤ ከመከር በፊት ይበደራሉ፣ ዕቃ ያስይዛሉ። ያው አንድ ገበሬ ከመከር በፊት ሲፈተን በትኩረትና በማመዛዘን ፈተናዎች ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ፤ ከመከር በኋላ ሲፈተን ከፍ አለ። በመሐል ማንም ትንፋሽ አላስተማረውም፤ አገዳው ተሸጠ፣ በቃ። የነሐሴን ጎተራ የሚያውቅ የደጋ ገበሬ ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም።

ኬንያ ደግሞ ቅርብ ናት። ዮሐንስ ሐውስሆፈር፣ ሮበርት ሙዲዳና ጄረሚ ሻፒሮ በገጠር ኬንያ ከ5,700 በላይ ሰዎችን ይዘው ሁለት ነገር አወዳደሩ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ከ1,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ተሰጠው። ለአንዳንዱ ጭንቀትን መቆጣጠርና ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍታት የሚያስተምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአምስት ሳምንት የሥነ ልቦና እርዳታ ተሰጠው። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ያገኙት በኑሮም በስሜትም ተሻሽለው ተገኙ። የሥነ ልቦናውን እርዳታ ያገኙት በሁለቱም ላይ የሚለካ ለውጥ አላሳዩም። ያ እርዳታ ማይንድፉልነስ አይደለም፤ ናይሮቢ አካባቢ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች የረዳበት ጥናትም አለ። በጭንቀት የታመመ ሰውና ገንዘብ ያጣ ሰው ግን ሁለት ናቸው፤ የሁለተኛውን ችግር በአንደኛው መድኃኒት ማከም አልሠራም።

ማይንድፉልነስ ራሱ ዋጋ የለውም የሚል ግን ይዋሻል። ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የስምንት ሳምንት መርሐ ግብሩን የጀመረው ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው በሽተኞች ነበር። ከዚህ የተወለደው ሕክምና ድባቴ እየተመላለሰ ለሚጥላቸው ሰዎች በብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የ47 ሙከራዎች ግምገማ ጭንቀትንና ድባቴን በመጠኑ እንደሚያቀል አገኘ፤ ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አላገኘም። በመጠኑ። ለአንዳንድ ሰው። በሠለጠነ እጅ። ጉልበቱ ይህ ነው፣ ይህም ቀላል አይደለም።

ችግሩ የጀመረው መድኃኒቱ ከሐኪም ቤት ወጥቶ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ሲገባ ነው። በብሪታንያ 85 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን የያዘው ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ለሁሉም ተማሪ በጅምላ የተሰጠው የማይንድፉልነስ ትምህርት ከመደበኛው አልተሻለም። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ገብተው አልተለማመዱትም፤ ልጅ አያታልልም። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 መጋዘኖቹ ውስጥ ሠራተኛ ብቻውን ገብቶ ልቡን የሚሰበስብበት ቁም ሳጥን የሚያህል ክፍል አሳይቶ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የሥራው ፍጥነት እንዳለ ነው፤ የተጨመረው ሳጥን ነው። ማስታወቂያው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መሳለቂያ ሲሆን ኩባንያው አነሳው። የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ፐርሰር ይህን ዓይነቱን ነገር ከፈጣን ምግብ ጋር አመሳስሎ «ማክማይንድፉልነስ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ጽፎበታል። ዋና ክሱ ጭንቀት የግል ጉድለት ተደርጎ መሸጡ ነው።

እዚህ ላይ «ይህ እኮ የእኛው ነው፤ ገዳማቱ ውስጥ የነበረ» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። ጸሎት ላይ የቆመ ሰው ልቡ ገበያ እንደሚሄድ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ዲያቆኑ በቅዳሴ መሐል ደጋግሞ ሕዝቡን የሚያነቃው በከንቱ አይደለም። ግን መናኙ ሐሳቡን የሰበሰበው የት ሆኖ እንደሆነ ይታይ። የቤት ኪራይ ከሌለበት ቦታ ሆኖ ነው። በአንድነት ገዳም እርሻው የጋራ፣ ማዕዱ የጋራ ነው። የቡድሃ መነኮሳትም ቢሆኑ ምእመን የሚመግባቸው ናቸው። የትም ቦታ የልብ ማሰባሰብ ባህል ያሳደገ ማኅበረሰብ፣ መጀመሪያ ለዚያ ሰው እንጀራውን ችሎለታል። አዲሱ ንግድ ጸጥታውን ወስዶ ማዕዱን እዚያው ትቶት መጣ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማዕዱ እንዴት እንደከረመ ደግሞ ምስክር አያሻም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ በንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ በአንድ ቀን ዘለለ። ፖሊሲው ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የዚያን ጠዋት ግን ሐሳቡ ያልሄደ የወር ደመወዝተኛ ካለ፣ ያ ሰው ደስተኛ ሳይሆን ዜና ያልሰማ ነው። በዚያው ዓመት በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ ለወራት መዘግየት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ክፍል ውስጥ ቆሞ ሐሳቡ የሄደ መምህር ምን ይባል? ትኩረት ጎድሎት?

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ሐዋሳ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት የሰብአዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ፋብሪካዎች የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ልብስ በሚያመርቱ አገሮች መሐል የመጨረሻው ዝቅተኛ። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተው ለብዙ ይኖሩ ነበር፤ ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይለቅ ነበር፤ አሠሪዎች ምርታማነቱ አልረካንም ይሉ ነበር። በዚህ መሐል ልጅቷን «ስፌቱ ላይ ብቻ አተኩሪ» ማለት ይቻላል። መርፌው ሥር ያለችው እጇ ነው፤ ሐሳቧ ግን እራቷ ላይ ነው።

«ታዲያ ድሀ ደመወዙ እስኪጨመር ተጨንቆ ይሙት ወይ? ቢያንስ ትንፋሹ በእጁ ነው» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደውም ይኼ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ አንድ ሐሳብ ሺህ ጊዜ የሚያዞር ሰው፣ ማዞሩን የሚያስቆምለት ዘዴ ቢያገኝ ይጠቀማል፤ መጸለይም፣ መራመድም፣ ትንፋሽ መቁጠርም ይሁን። ማንም አይከለክለው። ክርክሩ ከእሱ ጋር አይደለም። ክርክሩ ሐሳቡን በእጁ ይዞ፣ የሚከፈለውን ቀን የሚያውቀው እሱ ሆኖ፣ ሠራተኛውን ግን «ሐሳብህን ልቀቅ» ከሚለው ጋር ነው። የሰውየውን ሐሳብ የያዘው ማን ሆነና?

ከሥልጠና በጀት የሚቀድሙ ነገሮች ደግሞ ምሥጢር አይደሉም። ደመወዝ በታወቀ ቀን ማስገባት። የሚዘገይ ከሆነ በስንት ቀን እንደሚዘገይ አስቀድሞ መናገር፤ ቁርጡን ያወቀ ሰው ሐሳቡ ግማሹ ይወርድለታል። የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሠራተኛው ራሱ ሊያጣራው በሚችል ወረቀት መስጠት። ከዚያ ከፍ ሲል፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንደሚቋቋም ጽፏል፤ አዋጁ ራሱ ግን የብር ቁጥር አላስቀመጠም። ስለ ሠራተኛ አእምሮ የሚቆረቆር ማኅበር፣ ባለሀብትም ሆነ ባለሥልጣን፣ ጩኸቱን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ያሰማ።

አሠልጣኞቹም ቢሆኑ እንጀራቸው ነውና ይሥሩ። ግን በሚቀጥለው ሥልጠና ግድግዳው ላይ 46.9ን ሲያወጡ፣ ከጎኑ የዚያኑ ተመራማሪ የ2021 ግኝት ያውጡት። ዐይን ካስጨፈኑ በኋላም «ሐሳባችሁ ሄደ?» ብለው አያቁሙ፤ የት እንደሄደ በወረቀት ያስጽፉ፣ ስም ሳይጻፍበት ይሰብስቡት፣ ለሥራ አስኪያጁም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።